በስህተት የገባ ገንዘብ፦ መመለስ ሌላ፣ መቀጣት ሌላ

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. አርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት በብዙ ደንበኞች ሒሳብ ውስጥ ያልነበረ ገንዘብ ሲከፍልና ሲያስተላልፍ አደረ። ወሬው በስልክና በመልእክት መላኪያዎች ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ተዛመተ፤ ተማሪዎች በሌሊት ኤቲኤም ፊት ተሰለፉ። በዚያ ክፍተት ወደ 490 ሺህ የሚጠጋ ግብይት ተፈጽሞ እንደነበር በኋላ ተነገረ። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቤ ሳኖ ያላግባብ የተወሰደው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን ገለጹ፤ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረም ተናገሩ። ብሔራዊ ባንክ በበኩሉ ችግሩ በጥገናና በፍተሻ ሥራ ላይ የተፈጠረ ብልሽት ነው አለ። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ ማስታወቂያ አወጡ፤ ብዙም ሳይቆይ ከገንዘቡ ሦስት አራተኛ ያህሉ ተመለሰ። ባንኩ ላልመለሱት የመጨረሻ ቀን ቆረጠላቸው፤ ከዚያም ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን አደባባይ አወጣው።

ያን ሰሞን አገሩ ለሁለት ተከፍሎ ተከራከረ። አንዱ ወገን “የወሰዱት ሌቦች ናቸው፤ ይታሰሩ” አለ። ሌላው “ማሽኑ ከፈላቸው እንጂ አልሰበሩት፤ ጥፋቱ የባንኩ ነው” ሲል መለሰ። ሁለቱም ወገኖች ጥፋተኛውን ነበር የሚፈልጉት። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን በስህተት የተከፈለን ገንዘብ ለማስመለስ ጥፋተኛ አያስፈልገውም። ጥያቄው አጭር ነው፤ ይህ ገንዘብ በዚህ ሰው እጅ የሚቆይበት ምክንያት አለ ወይስ የለም? ከሌለ ይመለሳል። ማን አጠፋ፣ ማን ይቀጣ የሚለው የሌላ ሕግና የሌላ ችሎት ጉዳይ ነው። ሁለቱን ማደባለቃችን ባንኮችንም ደንበኞችንም እየጎዳ ነው።

የሕጉ መሠረት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2162 ነው። ያለ በቂ ምክንያት ከሌላ ሰው ሥራ ወይም ንብረት ጥቅም ያገኘ ሰው፣ በተጠቀመበት መጠን ባለንብረቱን እንዲክስ ያዛል። ቁጥር 2164 ደግሞ መክፈል የማይገባውን የከፈለ ሰው መልሶ እንዲቀበል መብት ይሰጠዋል። የሕጉን ረቂቅ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ የሚገርመው ግን አገራቸው ፈረንሳይ ያኔ በሕግ መጽሐፏ እንዲህ ያለ ጠቅላላ ድንጋጌ አልነበራትም። እ.ኤ.አ. በ1892 ፍርድ ቤቷ መርሁን በፍርድ አቆመ፤ በሕግ መጽሐፏ የሰፈረው ግን እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ማሻሻያ ነው። በዚህ ረገድ የእኛ ሕግ ቀዳሚ ነበር። ጎድሎ የቆየው አጠቃቀማችን ነው።

“ባንኩ ራሱ አጥፍቶ” የሚለው ክርክር በእነዚህ ድንጋጌዎች ፊት አይቆምም። የከፋዩ ቸልተኝነት ገንዘቡን የተቀባዩ አያደርገውም። ክርክሩ የሚያስኬድበት ሁኔታ ሌላ ነው፤ ከፋዩ ዕዳ እንደሌለበት አሳምሮ እያወቀ በፈቃዱ ከከፈለ፣ ወይም የከፈለው በይርጋ የታገደ ግን በእውነት የነበረ ዕዳ ከሆነ፣ መልሱልኝ ማለት አይችልም። የተሳሳተ ግን የተሳሳተ ነው፤ ስህተቱ የማይረባ፣ የሚያሳፍርም ቢሆን። እርግጥ ባንኩ ዝም ብሎ “ስህተት ነው” ስላለ አያሸንፍም። ግዴታ እንዲፈጸምለት የሚጠይቅ ወገን ግዴታው መኖሩን ማስረዳት እንዳለበት ቁጥር 2001 ይደነግጋል። ማን፣ መቼ፣ ስንት እንደወሰደ የማሳየት ሸክም የባንኩ ነው። የዚያን ሌሊት ግብይት ሁሉ መዝግቦ የያዘው ሥርዓት ደግሞ ያው የተበላሸው ሥርዓት ነውና፣ “ይህን ያህል አልወሰድኩም” ባይ ደንበኛ መዝገቡን የመሞገት መብት አለው።

ሕጉን በደንብ ለመፈተሽ ያን ሌሊት ገንዘቡን የነኩትን ሰዎች በሦስት መክፈል ይጠቅማል። የመጀመሪያው፣ ሒሳቡ ውስጥ 200 ብር ብቻ እንዳለው እያወቀ 20 ሺህ ብር ያወጣው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ክርክር የለም፤ በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእሱ ነው። ሁለተኛው፣ ጓደኛው “ያዝልኝ” ወይም “ውሰድ” ብሎ ያስተላለፈለት ነው። በነጻ የመጣ ገንዘብ ነውና በእጁ የሚቆይበት ምክንያት ደካማ ነው፤ ከየት እንደመጣ የሰማ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ የለም። ሦስተኛው ግን ይለያል። በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ከፍቶ ስልክ የሸጠ፣ ዋጋውንም በሞባይል ባንኪንግ የተቀበለ ነጋዴ ነው እንበል። ገዢው የከፈለው በዚያ ሌሊት በወሰደው ገንዘብ ነው። ነጋዴው ይህን አያውቅም፤ ዕቃውንም አስረክቧል።

የነጋዴው ገንዘብ በእጁ የሚቆይበት በቂ ምክንያት አለው፤ የሽያጭ ውል ነው። ስልኩ ከመደርደሪያው ወጥቷልና ከማንም ንብረት ላይ አልበለጸገም። የበለጸገው ስልኩን ይዞ የሄደው ገዢ ነው፤ ባንኩም መከተል ያለበት እሱን ነው። የነጋዴውን ሒሳብ አግዶ ገንዘቡን መቀነስ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ገንዘብ ከሒሳብ ሒሳብ ሲዘዋወር ዱካው በኮምፒውተር ላይ ቁልጭ ብሎ ስለሚታይ፣ ባንኮች ዱካው የመራቸውን ሁሉ ተጠያቂ ለማድረግ ይቸኩላሉ። ዱካው ግን ገንዘቡ የት እንደደረሰ እንጂ ማን ያለ ምክንያት እንደበለጸገ አይናገርም።

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በቅርብ ዓመታት ከተሰሙት ትልልቅ የባንክ ስህተቶች አንዱ የሆነው የሲቲባንክ ጉዳይ የተነሳው በዚሁ ነጥብ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 11 ቀን 2020 ሲቲባንክ የመዋቢያ ዕቃ አምራቹ ሬቭሎን ለአበዳሪዎቹ የሚከፍለውን 7.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወለድ ሊያስተላልፍ ነበር። ሥራው ፍሌክስኪዩብ በሚባል ሶፍትዌር ነበር የሚሠራው። ዋናው ብድር ከባንኩ እንዳይወጣ ለማድረግ በስክሪኑ ላይ ሦስት ሳጥኖች ላይ ምልክት ተደርጎ በሦስቱም ላይ የባንኩ የውስጥ ሒሳብ ቁጥር መሞላት ነበረበት። መረጃውን ያስገባው ሠራተኛ “ዋና ገንዘብ” የሚለውን አንዱን ሳጥን ብቻ ሞላ። ሌላ ሠራተኛ አየው፤ ትክክል መሰለው። ሦስተኛው ኃላፊ አጸደቀው። በስድስት ዓይን ታይቶ ያለፈው ክፍያ ወደ 900 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የባንኩን የራሱን ገንዘብ ይዞ ወጣ።

ባንኩ በማግስቱ “መልሱልኝ” አለ። አንዳንዶቹ አበዳሪዎች መለሱ፤ 500 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የያዙት ግን እምቢ አሉ። ክርክራቸው የነጋዴያችንን ይመስላል፦ “ሬቭሎን ዕዳ አለበት፤ የተከፈለን ዕዳችን ነው፤ በቅን ልቦና ተቀብለናል።” የኒው ዮርክ ሕግ ለእንዲህ ዓይነቱ ተቀባይ ከለላ ይሰጣል። የመጀመሪያው ዳኛ ጄሲ ፈርማን የካቲት 2021 እ.ኤ.አ. ለአበዳሪዎቹ ፈረዱ፤ የባንክ ባለሙያዎችም ደነገጡ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን መስከረም 2022 እ.ኤ.አ. ፍርዱን ሻረው። ምክንያቱ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ የብድሩ መክፈያ ጊዜ ገና 2023 እ.ኤ.አ. ስለነበር፣ አበዳሪዎቹ በዚያ ቀን ያንን ገንዘብ የመቀበል መብት አልነበራቸውም። ሁለተኛ፣ በገንዘብ ችግር የተያዘ ድርጅት ያለ ምንም ማስታወቂያ ዕዳውን በሙሉ ቀድሞ ሲከፍል፣ ጠንቃቃ ተቀባይ ተጠራጥሮ መጠየቅ ነበረበት።

የኒው ዮርክ ሕግ የእኛ ሕግ አይደለም። ነገር ግን የፍርዱ ሁለት መመዘኛዎች የቁጥር 2162ን “በቂ ምክንያት” ለማንበብ ይረዳሉ። የመጀመሪያው፣ ተቀባዩ በዚያች ቀን ሊጠይቀው የሚችለው ገንዘብ ነበር ወይ? የስልኩ ነጋዴ አዎን፤ ዕቃውን አስረክቧልና። ሁለተኛው፣ መጠርጠር ነበረበት ወይ? ገበያ መሐል በታወቀ ዋጋ የተሸጠ አንድ ስልክ ጥርጣሬ አያጭርም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት አንድ ተማሪ ደውሎ 10 ስልክ በአንዴ ከገዛው፣ ወይም ነጋዴው በጥሬ ገንዘብ እየመለሰ ኮሚሽን ከቆረጠ ግን መልሱ ይለወጣል። ቅን ልቦና ገንዘቡን ያየንበትን ዓይን ብቻ አይመለከትም፤ ጤነኛ ሰው በዚያ ቦታ ቢሆን ምን ይጠረጥር ነበር የሚለውንም ይጨምራል።

ቅን ልቦና በቁጥር 2163ም ትልቅ ቦታ አለው። ተቀባዩ ገንዘቡ በሚጠየቅበት ጊዜ ብልጽግናው በእጁ እንደሌለ ካስረዳ፣ በዚያው መጠን መመለስን እምቢ ማለት ይችላል። ነገር ግን ገንዘቡን ያጠፋው በክፉ ልቦና ከሆነ፣ ወይም መመለስ ሊኖርበት እንደሚችል ማወቅ ሲገባው ከሆነ፣ ከለላው ይነሳል። “በልቼዋለሁ” ማለት መከላከያ የሚሆነው ሲበላ የራሱ መስሎት ለነበረ ሰው ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ክፍል ተሳስቶ ለስድስት ወር የአበል ጭማሪ የከፈለው ጡረተኛና፣ 200 ብር ብቻ እያለው 20 ሺህ ያወጣው ተማሪ በአንድ ሚዛን አይታዩም።

ጡረተኛውም ቢሆን ሁሉም አይቀርለትም። ለወትሮው ከራሱ ኪስ ያወጣው የነበረውን የቤት ኪራይና አስቤዛ በትርፉ ገንዘብ ከሸፈነ፣ የራሱ ገንዘብ ተርፎለታል፤ ስለዚህ አሁንም በልጽጓል። ጭማሪው ባይኖር ኖሮ የማያደርገውን ነገር አድርጎ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ የታመመ ዘመዱን በግል ሆስፒታል አሳክሞ ከሆነ፣ ያ ገንዘብ ሄዷል። ፍርድ ቤት የሚመዝነው ይህንን ልዩነት ነው። በክፉ ልቦና የተቀበለ ደግሞ ከዋናው በተጨማሪ ከተቀበለበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይጠየቃል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሕጋዊ ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው።

መጠኑን ካየን ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥመናል። ባንኩ የመጨረሻውን ቀን ሲያስታውቅ ከ560 በላይ ሰዎች 9.8 ሚሊዮን ብር ገደማ እንዳልመለሱ ገልጾ ነበር። ለያንዳንዱ ሲካፈል 17 ሺህ ብር ገደማ ነው። በዚህ ገንዘብ አንድ ክስ መመሥረት፣ መጥሪያ ማድረስ፣ ከዲላ ወይም ከጅማ ተመርቆ የሄደ ተማሪ ያለበትን ማፈላለግ፣ ቀጠሮ መከታተል ለባንኩ ከሚያስመልሰው በላይ ያስወጣዋል። ብድር ቢሆን ኖሮ ባንኩ የተሻለ መሣሪያ ነበረው፤ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መያዣ የያዘ ባንክ ያለ ፍርድ ቤት መያዣውን መሸጥ ይችላል። በስህተት የወጣ ገንዘብ ግን መያዣ የለውም። ባንኩ ወደ ፎቶና ወደ ፖሊስ ማስፈራሪያ የሄደበት ምክንያት ከዚህ ስሌት የራቀ አይመስለኝም።

ምክንያቱ ቢገባንም መንገዱ ግን አደገኛ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት እንዳይወጣ ይከለክላል። ቁጥር 28 ከሚፈቅዳቸው ልዩ ሁኔታዎች አንዱ የፍትሕ ወይም የፖሊስ ሥራ ሲያስፈልግ ነው። ባንክ ግን ፍርድ ቤትም ፖሊስም አይደለም፤ አበዳሪ መሰል ከሳሽ ነው። ፎቶው የወጣበት ሰው “እኔ አይደለሁም፤ ካርዴን ሌላ ሰው ነው የተጠቀመበት” ቢል ማን ይሰማዋል? በዚያው ዓመት የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከእንግዲህ እንዲህ ያለውን እርምጃ የበለጠ ያከብደዋል። የወንጀል ክስ ካለ ደግሞ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ንጹህ ሆኖ የመገመት መብት አለው ይላል።

ይህን ስል የወንጀል ሕጉ ቦታ የለውም ማለቴ አይደለም። በስህተት ወይም በአጋጣሚ እጁ የገባን የሌላ ሰው ንብረት የራሱ ማድረግ በወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል። ነገር ግን ወንጀል ሐሳብን ማረጋገጥ ይፈልጋል፤ ከጥርጣሬ በላይ። ገንዘቡን ለማስመለስ ያ ሁሉ አያስፈልግም። “መልስ፤ አለዚያ ትታሰራለህ” በሚል የሚጀምር ባንክ ቀላሉን ጉዳይ ራሱ ያከብደዋል። ተጠያቂው መመለስ ወንጀልን ማመን መስሎ ይታየዋልና ይሸሻል። በተቃራኒው “ጥፋትህን አልጠየቅሁም፤ ያንተ ያልሆነውን መልስልኝና ስህተቴን ላርም” ብሎ የሚቀርብ ባንክ ሰውየው ፊቱን ሳያጠቁር የሚመልስበትን በር ይከፍታል። ሦስት አራተኛው ገንዘብ ቶሎ የተመለሰው ከእስር ፍርሃት ብቻ አይመስለኝም፤ የመመለሻው በር ክፍት በነበረባቸው ቀናት ነው አብዛኛው የተመለሰው።

የክሱ ስምም ዋጋ አለው። ጉዳዩ ከውል ውጪ ኃላፊነት ነው ከተባለ ቁጥር 2143 የሁለት ዓመት ይርጋ ያስቀምጣል፤ ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ካልሆነ በቀር። አላግባብ መበልጸግ ነው ከተባለ ግን ምዕራፉ የራሱ አጭር ይርጋ የለውም፤ በቁጥር 1677 በኩል ወደ ቁጥር 1845 የአሥር ዓመት ይርጋ የሚወስድ ጠንካራ ክርክር አለ። ባንክና ደንበኛ የሒሳብ ውል ስላላቸው በውሉም መክሰስ ይቻላል የሚል አለ። ክሱን “ስርቆት መሰል ጉዳት” ብሎ የሚጽፍ ጠበቃ ሳያውቀው የደንበኛውን ስምንት ዓመት ሊያቃጥል ይችላል።

እስካሁን ባንክ ሲሳሳት አይተናል። ደንበኛ ሲሳሳትስ? ይህኛው በየቀኑ ይደርሳል። የ13 አሃዝ ሒሳብ ቁጥር ስትጽፍ አንዷ አሃዝ ትቀያየራለች፤ መተግበሪያው የተቀባዩን ስም ያሳይሃል፤ በችኮላ “እሺ” ትልና የምስጢር ቁጥርህን ታስገባለህ። ገንዘቡ የማታውቀው ሰው ጋ ገባ። ሕጉ በቁጥር 2164 ከጎንህ ነው። ባንክህ ግን ያለ ተቀባዩ ፈቃድ ወይም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ከሌላ ሰው ሒሳብ ላይ ገንዘብ አያነሳም፤ ትክክልም ነው። ፍርድ ቤት ስትሄድ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 222 በክስ ማመልከቻህ ላይ የተከሳሹን ስምና አድራሻ እንድትጽፍ ይጠይቅሃል። አንተ የምታውቀው በስክሪን ላይ ያየኸውን ስም ብቻ ነው። አድራሻውን የሚያውቀው ባንኩ የደንበኛ ምስጢር ነው ይልሃል። መብት አለህ፤ የምትከስሰው ሰው ግን የለህም።

እዚህ ላይ የሚታየው አለመመጣጠን የሚያስቆጭ ነው። ባንክ ሲሳሳት ሒሳብ ያግዳል፣ ከሚቀጥለው ደመወዝ ይቀንሳል፣ ፎቶ ይለጥፋል። ደንበኛ ሲሳሳት ግን “ተቀባዩን አነጋግር” ይባላል። አንድ ሕግ ነው፤ ከለላውም ግዴታውም ለሁለቱም እኩል መሆን ነበረበት። ባንክ ከደንበኛው ሒሳብ ላይ ዕዳ ማቻቻል እችላለሁ ቢል እንኳ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ማቻቻል የሚቻለው መጠኑ የታወቀና መክፈያው የደረሰ ዕዳ ነው፤ ደንበኛው “አልወሰድኩም” ብሎ እየተሟገተ ያለውን መጠን ባንኩ ብቻውን ቆርጦ “የታወቀ” ሊያደርገው አይገባም።

መፍትሔው አዲስ አዋጅ አይጠይቅም፤ ብሔራዊ ባንክ ሊያወጣው የሚችል አንድ መመሪያ ይበቃል። ስህተቱ የባንክም ይሁን የደንበኛ፣ ጥያቄ ሲቀርብ ባንኩ አከራካሪውን መጠን ብቻ ለአጭርና ለተወሰነ ጊዜ ይያዝ፤ ሙሉ ሒሳቡን አያግድ። ለተቀባዩ በጽሑፍ ያሳውቅ፤ ምክንያት ካለው፣ ለምሳሌ ሽያጭ ወይም ዕዳ፣ የሚያስረዳበት ቀን ይስጠው። ከተስማማ ይመለስ፤ ካልተስማማ ባንኩ የተቀባዩን አድራሻ ለፍርድ ቤት ብቻ፣ በፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ይስጥ። በቅን ልቦና ያጠፋው ከፋፍሎ የመመለስ ዕድል ይኑረው። ፎቶ መለጠፍ በግልጽ ይከልከል። የወንጀል ጥቆማ ባንኩ ማቅረብ ይችላል፤ ግን ገንዘቡን ማስመለሻ መደራደሪያ አድርጎ አይጠቀምበት።

ይህ ለተበዳዩ ባንክ ተጨማሪ ድካም መስሎ ሊታይ ይችላል። ግን የሚያተርፈው እሱው ነው። ገንዘባችን ከጥሬ ብር ወደ ቁጥር በተለወጠ መጠን ስህተት ይበዛል፤ አንዱ ዛሬ በአንድ አሃዝ፣ ሌላው ነገ በአንድ ያልተሞላ ሳጥን ይሳሳታል። ስህተት ሁሉ ወንጀለኛ የሚፈለግበት ከሆነ ተቀባይ ይደበቃል፣ ነጋዴ ዲጂታል ክፍያ ይፈራል፣ ፍርድ ቤት በትንንሽ ክስ ይጨናነቃል። ሕጋችን ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ያስቀመጠው መንገድ ግን ግልጽ ነው፤ ያንተ ያልሆነውን መልስ፤ ያንተ የሆነበትን ምክንያት ካሳየህ ደግሞ ያዝ። ጥፋት ካለ ዐቃቤ ሕግ በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ማስረጃ ያሳይ።